በግብዣ ተከስሼ፣ ፓስፖርቴን ፍለጋ

ቪንተርቱር፣ ማክሰኞ ማለዳ

ጎህ ሳይቀድ ባቡር ጣቢያ ደርሻለሁ። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። የምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አለቃዬ የፈቀደችልኝ ዛሬን ብቻ ነው። የሥራ ፈቃዴ ዓርብ ያበቃል፤ ያለ ፓስፖርት አይታደስም፤ ፓስፖርቴ ደግሞ ዙሪክ፣ ክሴን በያዘው ዐቃቤ ሕግ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ኤምባሲ ሄጄ ሌላ ስጡኝ ብል «አገርህ ገብተህ አውጣ» ነው መልሱ። ደርግ ወንድሜን ካሰረው ወዲህ አገር መግባት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ አያጣውም።

ወንጀሌ ምን መሰላችሁ? ግብዣ! ባለፈው ወር ከጋሽ ፀጋዬ ጋር ዙሪክ ምሳ በላን። ሒሳብ ሲመጣ እኔ «በሞቴ ይተዉት!» እሳቸው «እኔ ቆሜ አንተ ትከፍላለህ?» እጃቸውን ጨምድጄ ያዝኩ፤ እሳቸው ኮቴን ጎተቱ፤ ጠረጴዛው ተገለበጠ። አስተናጋጇ ደንግጣ ፖሊስ ጠራች። እኔ ደብዳቢ፣ እሳቸው ተደብዳቢ ተብለን ተመዘገብን። እንዳልጠፋ ብለው ፓስፖርቴን ወሰዱ። ዐቃቤ ሕጉ «ተበዳዩ ራሳቸው መጥተው ያስረዱ» ቢልም፣ ጋሽ ፀጋዬ በተደጋጋሚ ተጠርተው ቀሩ። ስለዚህ ዛሬ ከሚኖሩበት ከጄኔቭ ራሴ ላመጣቸው ተነሣሁ።

ጄኔቭ፣ ረፋድ

ሎዛን ልንደርስ ስንል ባቡሩ ከዋሻው ወጣ፤ ሐይቁ ከነወይን እርከኑ ድንገት ተዘረጋ። ሌላ ቀን ቢሆን አፌን ከፍቼ አይ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኔ ከሰዓቴ አልነቀል አለ።

ከጣቢያው በአውቶቡስ ግራንድ ሳኮኔ ወደሚባለው ሰፈር ወጣሁ። ጋሽ ፀጋዬ እዚያ የአንድ ዲፕሎማት ግቢ አትክልተኛ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሳሉ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ትልቅ መቀስ ይዘው አጥሩን ይከረክማሉ።

«ጋሽዬ፣ ምነው ቀሩብኝ?»

«በዚህ ቀጫጫ ልጅ ተመታሁ ብዬ ልፈርም? እኔ ፀጋዬ?»

«አልመታኝም ይበሉ እንጂ!»

«ተደብዳቢ ብለው ጽፈውኛል እኮ! እኩዮቼ ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

«ዓርብ ካለፈ እባረራለሁ፣ ጋሽዬ።»

መቀሱን አስቀመጡ። «ታዲያ ይህን አስቀድመህ አትናገርም? አንተ ደግሞ!» ባርኔጣቸውን ሊያመጡ ገቡ።

ዙሪክ፣ ከሰዓት በኋላ

ዐቃቤ ሕጉ ጋሽ ፀጋዬን በፈረንሳይኛ ይጠይቃቸዋል።

«ለምን ታገላችሁ?»

«ለመክፈል።»

«ላለመክፈል ማለትዎ ነው?»

«ኧረ ለመክፈል! ባይታገለኝ ነበር የምቀየመው። ደግሞም ይጻፍልኝ፤ አልተሸነፍኩም!»

ሰውየው ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ አቃተው። ክሱን ዘጋና መሳቢያውን ከፈተ። ፓስፖርቴን ስቀበል እንባዬ መጣ። ጋሽ ፀጋዬ «አታሰድበን» ብለው በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

ልሸኛቸው ጣቢያ ሄድን። የጄኔቭ ባቡር ገብቷል።

«እስቲ አንዴ ልያዘው» አሉኝ።

ፓስፖርቱን ሰጠኋቸው። ሽፋኑን በመሐረባቸው ጠረጉ፤ ገጽ በገጽ ገለጡ። የእሳቸውን ኤምባሲው አላድስም ካለ ዓመታት አልፈዋል፤ በስደተኛ ወረቀት ነው የሚኖሩት። ይህን እያወቅኩ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ራሴ ፓስፖርት ሳወራባቸው ዋልኩ።

«ይህ ማኅተም የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ነው?»

«አዎ፣ ጋሽዬ።»

አውራ ጣታቸውን ማኅተሙ ላይ አሳረፉ። ፊሽካ ተነፋ። ፓስፖርቱን ራሳቸው ኮት ኪሴ ውስጥ ከተው ቁልፉን ቆለፉልኝና ተሳፈሩ።