ጠበል ረጭቼ የጽጌረዳ ውሃ ተረጨሁ

አደጋው የገባኝ ትራም ውስጥ ነው። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ታጉተመትማለች። በስልክ የምታወራ መስሎኝ ጆሮዋን አየሁ፤ ምንም የለበትም። ሆላንድኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ከሰፈራችን ከስሎተርቫርት ሱቆች የለመድኩት አረብኛና ቱርክኛም አይደለም። አጭር ነገር ትላለች፣ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ያንኑ ከሥሩ ትጀምራለች። ጭኗን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች።

እኔ አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው ትምህርት የተውኩት። ድግምት ለማወቅ ግን ዲፕሎማ አይጠየቅም። ባደግሁበት ሰፈር ዓይኑን ጨፍኖ ሌላው የማይገባውን ነገር የሚደጋግም ሰው ወይ ቄስ ነው፣ ወይ ደብተራ ነው። ልጄ ደግሞ ቄስ አይደለችም።

«ምንድን ነው የምትይው?» አልኳት።

«ግጥም። የታሚል። ታች ያለችው ኦማ ናት የምታስተምረኝ፤ ለትምህርት ቤት ሥራ ነው።» ኦማ እዚህ አገር አያት ማለት ነው። «በጣም የድሮ ነው። ሁለት ሁለት መስመር ብቻ። ሰው እንዴት መኖር እንዳለበት የሚናገር።»

«ሰው እንዴት እንደሚኖር እኔን አትጠይቂኝም?»

«አንቺ የምትይኝ ማሞቂያውን ዝጊ ብቻ ነው» አለችና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

ሴትዮዋን ሊፍት ውስጥ አውቃታለሁ። ከስሪላንካ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ግንባሯን ዐመድ የምትቀባ አሮጊት ናት። ያን ዐመድ ሳይ ሁልጊዜ አማትባለሁ፤ እሷ ሰላምታ ይመስላታል መሰለኝ፣ አንገቷን ደፋ ታደርግልኛለች።

በማግስቱ ቢሮ ስናጸዳ ለባልደረባዬ ነገርኳት። ቢልመር የሚባል ሰፈር የምትኖር ጴንጤ ናት፤ ሰይጣንን እንደ ጎረቤቷ ነው የምታውቀው።

«ሁለት መስመር ነው አልሽኝ?»

«ሁለት።»

«ወይኔ እህቴን! አጭሩ ነው የሚብሰው። ረጅሙንማ ሰይጣን ራሱ ይሰለቸዋል።»

«ጠበል አለኝ።»

«ጠበልሽን ተይውና በስሙ ገሥጪው!» አለች፣ የመስታወት መጥረጊያዋን እንደ ሰይፍ እያነሳች።

«ሁለቱንም አደርጋለሁ። አንዱ ባይሠራ አንዱ ይሠራል።»

አፌ ይቀልዳል እንጂ ነገሩ ለኔ ቀልድ አልነበረም። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ያን ሰሞን ደግሞ ቤት ስትገባ ኮፍያዋን ደፍታ ቀጥታ ወደ ክፍሏ ነው። ታች ስትወርድ ግን ሳቋ በወለሉ በኩል ይሰማኛል። እኔ ድንች እየላጥኩ፣ ከእግሬ ሥር የገዛ ልጄ ለሰው ትስቃለች። ድግምት ካልሆነ፣ ልጅን በአንድ ፎቅ ልዩነት ከእናቷ የሚነጥል ምንድን ነው?

ጠበሉን ከሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን አምጥቼ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከወተቱ ጎን አስቀምጬው ነበር። የላስቲክ ጠርሙሱን ክዳን በሚስማር በሳሁት። ጠበል መቆጠብ አለበት፤ ሮተርዳም የጓሮ በር አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳቁ ከወለሉ ሥር ሲጀምር አላስቻለኝም። ነጠላዬን ደርቤ በደረጃ ወረድሁ። ሐሳቤ የበሯን ደፍ ብቻ ረጨት አድርጌ መሮጥ ነበር። ገና ጎንበስ ስል በሩ ተከፈተ፤ ሴትዮዋ ቆሻሻ ልትጥል ከረጢት ይዛ ቆማለች።

«በስመ አብ!» ብዬ ጠርሙሱን ፊቷ ላይ ጨመቅሁት።

የግንባሯ ዐመድ ወደ አፍንጫዋ ወረደ። እንድትጮህ ጠበቅሁ። ቤተ ክርስቲያን እንዳየሁት ሰይጣኑ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደያዛት እንዲለፈልፍ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ግን ፊቷ በራ። ከረጢቱን ጥላ ወደ ውስጥ ሮጠች፣ አንገቱ የረዘመ የብር ዕቃ ይዛ ተመለሰች፣ አነጣጠረችና ረጨችኝ።

ረጨኋት። ረጨችኝ። ነጠላዬ ራሰ። አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ መሃል ላይ ጠፋኝ፤ ምክንያቱም የተረጨሁት ነገር ጽጌረዳ ይሸታል። ሰይጣን ጽጌረዳ ይሸታል ብሎ የነገረኝ አንድም ሰው የለም።

«ማማ! ምን እያደረግሽ ነው?» ልጄ ከሳሎን ብቅ አለች።

«አንቺን እያዳንኩ!»

ጠርሙሱን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ግድግዳውን ይዛ በሳቅ ወደቀች። ትንፋሿ ሲመለስ፣ «እነሱ እንግዳ ሲቀበሉ እንደዚህ ይረጫሉ፤ በሠርግም፣ በበዓልም» አለችኝ። «ወጋችንን አውቃ ልታከብረኝ መጣች ብላ ነው እንዲህ ደስ ያላት። ድግምት ልታስለቅቅ ነው የመጣችው ብዬ ልንገራት?»

«ዝም በይ!»

«እንግዲያው ግቢ።»

ገባሁ። ሻይ በዝንጅብል ቀረበ። አሮጊቷ ፎጣ ሰጡኝ፣ ዐመዳቸውን አስተካክለው ተቀቡ። ለካ እኛም ከጠበል ቦታ አምጥተን የምንቀባው ዐመድ አለ፤ እምነት እንለዋለን። ሌላው ሲቀባው ነው ድግምት የሚሆነው።

ልጄ ግጥሙን በየተራ ተረጎመችልኝ። ስለ እንግዳ አለ፣ ስለ ጎረቤት አለ፣ ስለ ስንፍና ሳይቀር አለ። ስለ ሚስት የተባለው፣ ባሏን እንደ አምላክ ታክብር የሚለው፣ አልተመቸኝም።

«ይህን የገጠመው ሰውዬ ሳህን አጥቦ ያውቃል?» አልኩ።

ልጄ ለአሮጊቷ በሆላንድኛ አስተላለፈችላቸው። «እኔም ሟቹን ባለቤቴን ይህንኑ ጠይቄው ነበር» አሉ፤ «አኩርፎ ሳይበላ አደረ።»

ደን ሃግ ከተማ የሚኖር ወንድ ልጅ አላቸው። ትልቅ ቢሮ ይሠራል፤ ከግጥሙ ግን አንድ መስመር አይችልም። ሊጠይቃቸው ሲመጣም ሰዓቱን እያየ ነው። ይህን ሲሉ ለልጄ ተጨማሪ ብስኩት ወደ ሳህኗ ገፉላት።

ቀጥሎ ስለ ምላስ የተባለው ተተረጎመ፤ በክፉ ቃል ስለ መጎዳት ነው።

«ኧረ ይሄማ የኛ ነው!» አልኩ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም!»

«ወለምታ ምንድን ነው?» አለች ልጄ።

እግር ሲጠመዘዝ ቅቤ ተቀብቶ እንደሚታሽ፣ አፍ ሲጠመዘዝ ግን የሚያሽ ወጌሻ እንደሌለ ነገርኳት። ሳቀች። ያ በወለሉ በኩል የምሰማው ሳቅ፣ ፊት ለፊቴ።

«ስለ ችኮላስ አለሽ?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ልጄ ወደ ጠበል ጠርሙሱ አየች። አሮጊቷም አዩ። ማንም አልተረጎመላቸውም።

«ይህን ሁሉ ስታውቂ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ወደ ቤታችን በሊፍት ወጣን። ኮፍያዋ አልተደፋም። ከንፈሯ እንደ ትራሙ ቀን ይንቀሳቀሳል፤ ጣቷ ጭኗን መታ መታ ያደርጋል። ጠጋ ብዬ ሰማሁ። ወለምታ ትላለች፣ ቅቤ ትላለች።

በሩን ሳንዘጋ ባልደረባዬ ደወለች። «እህቴ፣ ለቀቃት?»

«የያዛት ነገር አልነበረም» አልኳት። «ቤታችን ገብተናል። ልጄ አጠገቤ ናት። ደኅና ነን።»