ጥጥ የተሞላው ጣት

ከሞጆ ወደ አዳማ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው፣ በዚያ ሙቀት ጓንቱን አላወለቀም። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ተበልቷል፤ ጓንቱ ግን አዲስ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ማየት ነፍሴ ነው፣ መንገዱን ትቼ እሱን አየሁ። የፊቱን ወንበር ሲይዝ አራቱ ጣቶች ታጠፉ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ጋሼ፣ ያውልቁት እንጂ፤ ሶደሬ ሳይገቡ ሊቀቀሉ ነው» አለው ረዳቱ።

ሳቀለት። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ጥጥ ነው እትዬ። ጣቴን ማሽን ወሰደው። ፋብሪካችን ለሥራ ደህንነት ሽልማት ተወዳድሮ፣ አደጋ ደርሶብን አያውቅም ብሏል። ዛሬ ዳኞቹ ይመጣሉ። ጥጡን የጠቀጠቀችልኝ ሚስቴ ናት።»

«ተወዳደሩ ብሎ ያስገደዳችሁ አለ?»

«ኧረ የለም፣ በፈቃደኝነት ነው።»

«ካወቁብዎትስ?»

«ከሥራ እባረራለኋ። ካላወቁ ደግሞ ጣቴ እንዲሁ ያለ ካሳ ቀረ።»

ሚኒባሱ ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። «ዳኞቹ መጨበጣቸው አይቀርም። እስቲ ይጨብጡኝ፤ ይታወቃል?»

ጨበጥኩት። ጣቱ መዳፌ ውስጥ ሟሸሸ።

«አይታወቅም» አልኩት።

አመስግኖኝ ወረደ። በግራ እጁ ጣቱን እያቃና ወደ በሩ ሄደ።