የሸነን መኪና

አዴ ሃዋኒ በዚህች ምድር ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሸነን ወደ አምቦ የሚመጣውን መኪና። እኔ ደግሞ ፍርሃቷን ቤቷ ድረስ የጎተትኩባት ሴትዮ ነኝ። ስለዚህ ታሪኳን ሳወራ ራሴንም እየረገምኩ ነው፤ ይታወቅልኝ።

ግቢዋ ውስጥ ስከራይ ሰባት ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ አስተምራለሁ። እሷ ወፍጮ ቤት አላት። ባሏ ኦቦ ገለታ ከሞተ ወዲህ ሰማያዊ ቱታውን ለብሳ፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋ፣ ሞተሩን የምታስነሳ እሷ፣ ድንጋዩን የምትወቅር እሷ። መጀመሪያ ሰሞን "ሴት የወቀረችው ድንጋይ ምኑን ይፈጫል" ብለው እህላቸውን ጭነው ሌላ ወፍጮ የሄዱ ወንዶች ነበሩ። ዛሬ ቀድመው የሚሰለፉት እነሱ ናቸው፤ ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ! የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ መቲ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጡን ሠርታ ትጠብቃታለች። "እማዬ አባወራ፣ እኔ እማወራ" እያለች ታስቀናለች።

አንድ ቅዳሜ መቲ ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁትን ወረቀት አንስታ የቤተሰብ ዓይነቶችን ታነባለች። "ቤርሲ፣ እኛ የትኛው ነን?" አለችኝ።

"ባለ አንድ ወላጅ ነዋ!" አልኩ ሳላስብ።

ሃዋኒ በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ። ልጅቷን ሱቅ ላከቻትና በሩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች። መቲ ከማህፀኗ እንዳልወጣች ነገረችኝ፤ የጉዲፈቻ ልጅ ናት። ሸነን ውስጥ አንዲት ሴት በወሊድ ሞተች። ባልየው ኦቦ ዋቅቶላ አምስት ልጆችና አንዲት ጨቅላ ይዞ ቀረ። ሃዋኒና ገለታ መካን ነበሩ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ዋቅቶላ እርጥብ ሣር ይዞ "ከዛሬ ወዲያ ይህችን ልጄ ናት ብል መሬት አትሸከመኝ፣ የቀሩት ልጆቼም አይደጉ" ብሎ ማለ። ወረቀት? መሐላ እያለ ማን ወረቀት ይጠይቃል!

መቲም ሌላ ቦታ መወለዷን ታውቃለች። አባትየውን ግን አይታው አታውቅም።

"ታዲያ ምን ያስፈራሻል?" አልኳት።

"የማለው ለገለታ ነው። ገለታ እያለም እፈራ ነበር፤ አሁን ደግሞ እሱ አፈር ገባ። እኔ ብቻዬን የቀረሁ ሴት ነኝ፤ አንድ ቀን ከዚያ መኪና ወርዶ 'ልጄን' ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ? እሷስ ብታየው? ዘር ከልጓም ይስባል እኮ፣ ቤርሲ።"

ከዚያ ወዲህ ነው የገባኝ። የሸነኑ መኪና የሚቆመው ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። በመጣ ቁጥር ሃዋኒ ሞተሩን ታጠፋለች። ደንበኛ ቢጮህባት አትሰማም፤ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች። ኮት የለበሰ ሽማግሌ ከወረደማ መቲን "ጓዳ ግቢ!" ትላታለች። መኪናው ባዶውን ሲሄድ ነው ትንፋሿ የሚመለሰው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ባለፈው ዓመት መቲ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። ለፈተና ለመመዝገብ የልደት ምስክር ወረቀት አምጪ ተባለች። ወረቀቱን የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ይጽደቅ አለ። ይሄኔ ነው እኔ ምሁሯ ዘው ያልኩት። "ምን አለበት? ወላጅ አባትየው ይቀርባል፣ ልጄ ናት ሰጥቻለሁ ይላል፣ አለቀ!" ምላሴን በቆረጠው! ሃዋኒ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"'ልጄ ናት' ይበል? ዳኛ ፊት? አንቺ ሴት፣ አሥራ አራት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝን ቃል?"

ሦስት ሳምንት ዛሬ ነገ ስትል ቆየች። ምዝገባው ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው መቲ እያለቀሰች ከትምህርት ቤት መጣች። በዚያው ቀን ሃዋኒ ራሷ የዋቅቶላን ቁጥር ከሽማግሌዎቹ ተቀብላ "ደውዪለት" አለችኝ። ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኝ።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ቱታዋን አውልቃ ነጠላ ለበሰች። ፍርድ ቤት ስንደርስ ኦቦ ዋቅቶላ ቀድሞን ደርሷል፤ ሽበቱ የወጣ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው። ለሃዋኒ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። መቲን ግን ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። መናቁ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

ችሎቱ በኦሮምኛ ነው፤ እኔም ለመከታተል ያህል አላጣውም። ዳኛዋ ጠየቀችው።

"ይህች ልጅ የእርስዎ ልጅ ናት?"

"አይደለችም።"

ዳኛዋ ወረቀቷን አገላብጣ ደገመች። "ወላጅ አባቷ እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ እንዲህ ያለች ልጅ የለችኝም።"

ዓይኑን ተከተልኩት። ዳኛዋን ትቶ ከእግሩ ሥር ያለውን መሬት ነው የሚያየው። ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ፤ ይህ ሰውዬ እየዋሸ አይደለም፣ መሐላውን እየጠበቀ ነው! የሚፈራው ዳኛዋን ሳይሆን መሬቷን ነው። ሃዋኒ ሊነጥቀኝ ነው ብላ አሥራ አራት ዓመት ስትርድ፣ እሱ ደግሞ አፌ ያመልጠኝና አምስቱን ልጆቼን እጨርሳለሁ ብሎ ሲርድ ኖሯል።

ዳኛዋ ምን ታድርግ? "እንግዲያው መዝገቡ ይዘጋል" አለች። "ወይዘሮ ሃዋኒም ይህችን ልጅ ከየት እንዳመጧት ለፖሊስ ማስረዳት ይኖርባቸዋል።"

መቲ የእናቷን ነጠላ ጨበጠች። "እማዬ" አለች። እኔ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ደረሰ፤ እውነቴን ነው።

ሃዋኒ ተነሳች። ሳይፈቀድላት ሄዳ ሰውየው ፊት ቆመች።

"ኦቦ ዋቅቶላ፣ ልጄ ናት ይበሉ።"

"ምያለሁ፣ ሃዋኒ። አልልም።"

"የማሉት ለኛ ነው። ገለታ የለም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ፈትቼዎታለሁ፤ እርግማኑ ካለ በኔ ይሁን። በገለታ አፈር ይዤዎታለሁ፣ ልጄ ናት ይበሉ!"

ሰውየው ቀና ብሎ አያት።

"ልጄ ናት" አለ በመጨረሻ። "የወለድኳት እኔ ነኝ። ለሷ ሰጥቻታለሁ።" ከዚያ ፊቱን በኮቱ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

መቲ ዞራ አየችው። ረጅም አየችው። ሃዋኒ ደግሞ ስታየው አየቻት።

ውሳኔው በዚያው ቀን ተጻፈ፤ መቲም ለፈተናው ተመዘገበች። ዋቅቶላ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ወደ ሸነን ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ሃዋኒ ድንጋዩን ትወቅራለች። መቲ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ መጣች።

"እማዬ፣ የሸነን መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?"

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ሃዋኒ ቀና አላለችም።

"ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ አለ" አለች። "ሦስት ተኩል ላይ ሁለተኛው። የሰባት ሰዓቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘገያል። የመጨረሻው ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

ልጅቷ ገርሟት ሳቀች። "አንቺ ሸነን ስትሄጂ አይቼሽ አላውቅም፣ እንዴት ይሄን ሁሉ አወቅሽ?"

ሃዋኒ መዶሻውን አስቀመጠች። በገለታ ቱታ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች።

"የአንድ ሰዓቱ ይሻላል" አለቻት። "እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።"