ለታደለች ትከሻ የተለካው መሹለኪያ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሼ ላሬቦ መዶሻ አልሰጡኝም። የሰጡኝ አንድ እርሳስና አንድ ሰው ነው። ሰውየው ወንበር ሊያሠራ የመጣ የጃጁራ ነጋዴ ነበር። "ለካው" አሉኝ። ሜትር ሳነሳ እጄን መታ አደረጉኝ። "በስንዝር! መጀመሪያ ሰውየውን ለካ፣ ከዚያ እንጨቱን። ሜትር የሚያውቀው እንጨት ብቻ ነው።" የነጋዴውን ጀርባ ለካሁ፣ ጭኑን ለካሁ፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ለካሁ። ሰውየው ሲነኩት የሚኮረኩረው ሆኖ እየሳቀ አስቸገረኝ።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ወድቄ ሆሳዕና መጥቼ ነው ጋሼ ላሬቦ ጋ የተቀጠርኩት። እሳቸው የዱራሜ ሰው ናቸው፤ የቤታቸው ቋንቋ ከንባትኛ፣ የእኔ ሀዲይኛ። ሥራ ቤት ውስጥ የምንግባባው በአማርኛ ነው። "ሄራሞ፣ እኔና አንተ በሰው ቋንቋ ነው የምንጣላው" ይሉኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር አልጋ ሠራሁ። ከሥሩ ያለውን ጣውላ ግን አልላግኩትም። ጋሼ ላሬቦ አልጋውን ገለበጡት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ከሥር ነው፤ ማንም አያየውም።"

"አንተ አይተኸዋል" አሉና ምስማሩን በጉጠት እየነቀሉ ጣውላውን መለሱልኝ። ለግማሽ ቀን መላጊያ ስገፋ ዋልኩ። በልቤ ረገምኳቸው።

ደርግ ከመጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ጋሼ ላሬቦ ደከሙና ትልልቁን ሥራ እኔ ያዝኩት። አብዛኛው ትእዛዝ የሚመጣው ከቀበሌ ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ የመፈክር ሰሌዳ፣ የሬሳ ሣጥን። ያደግኩባት ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ አዳራሽ ሆነች። መስኮቶቿን የገጠምኩት እኔ ነበርኩ። መስቀሉን አውርድ ተብዬ ያወረድኩትም እኔ ነኝ። ሥራ ነው ብዬ አወረድኩት። እናቴ ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው።

በዚያ አዳራሽ ነው መምህር ይርጋን ያወቅኩት። ፊዚክስ የሚያስተምር የጎጃም ሰው ነው። በአምስት ዓመት ያንሰኛል፤ መምህር ስለሆነ ግን እርስዎ እለዋለሁ። ለአብዮቱ በዓል ድራማ እንዲያዘጋጅ ታዞ ነበር። ሌላው ሁሉ ባላባትና ጭሰኛ ይጽፋል፤ እሱ ስለ መጪ ዘመን ጻፈ። ኢምፔሪያሊስቶች ሌላ ዓለም ላይ ትልቅ ማሽን ተክለዋል፤ ማሽኑ የምድርን ዝናብ እየመጠጠ ይወስዳል። ሦስት ታጋዮች በሮኬት ሄደው ያፈርሱታል። ከተማሪዎቹ ታደለች የምትባለው፣ "ቲቸር፣ ሮኬቱ ውስጥ ምን ይበላሉ?" ብላ ጠየቀችው። ጥቂት አሰበና "ቆጮ" አላት። የሀዲያ ሰው ልብ እንዴት እንደሚገኝ ገብቶት ነበር።

የታዘዝኩት ማሽኑን እንድሠራ ነው። ከኮምፔንሳቶ ሰው የሚያክል ሣጥን ሠርቼ ብርማ ቀለም ቀባሁት፤ ከተበላሸ ሬዲዮ የነቀልኩትን መዘውር ለጠፍኩበት። ጥሩ ማሽን ወጣው። ልምምዱን ተቀምጬ አየሁ። ታጋዮቹ በበር ገቡ፣ "ኢምፔሪያሊዝም ይውደም" አሉ፣ ማሽኑን ገፍተው ጣሉት።

"መምህር፣ ይሄ ነገር አይሆንም" አልኩ።

"ምኑ ነው የማይሆነው?"

"ሊያፈርስ የመጣ ሰው በር አንኳኩቶ ይገባል? አንዷ ታጋይ ከሥር ነው መምጣት ያለባት። በደረቷ እየተሳበች፣ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ወጥታ ሽቦውን ትቁረጥ።"

መምህር ይርጋ ዓይኑ በራ። "ይቻላል?"

"ለእኔ ተዉት።"

መድረኩ ሰባኪው ይቆምበት የነበረው ነው፤ ከወለሉ ሥር ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ። ችግሩ ወለሉን የተሸከሙት እግሮች ጥቅጥቅ ብለው መተከላቸው ነው። የምትሳበው ታደለች ስለሆነች ትከሻዋን በስንዝር ለካሁ፤ ሁለት ስንዝር አይሞላም። ጣውላውን ከላይ አነሳሁና መንገድ የዘጉትን እግሮች ቆረጥኩ። ከጎን ካለው ክፍል እስከ ማሽኑ ድረስ ሁለት ስንዝር ከአንድ ጣት የሚሰፋ መሹለኪያ አወጣሁ። መጨረሻው ላይ ክዳን አበጀሁ። ክዳኑ እንዳይረገብ ከሥሩ ሁለት የሞራሌ እንጨት ድጋፍ ጨመርኩ። ሕዝቡ ስትሳብ እንዲያያት የመድረኩን ፊት ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጌ በቀይ ጨርቅ ጋረድኩት፤ ጨርቁ የሚነሳው በድራማው ሰዓት ነው። ታደለች ገብታ ከማሽኑ ሆድ ብቅ ስትል ተማሪዎቹ ጮኹ። ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ የኮራሁበት የለም።

ለቀበሌ ግን አልነገርኩም። ትእዛዙ ማሽን ብቻ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል ብዬ። ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበር። በበዓሉ ዕለት ከድራማው በፊት የባለሥልጣናቱ ጠረጴዛ የሚቀመጠው እዚያው መድረክ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ አልነበረም። ስንለማመድ ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም።

በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ለጣውላ ሆመቾ ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ታደለች መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እያለቀሰች ነው። የጸጥታው ኃላፊ መቶ አለቃ አዳራሹን ሊፈትሽ መጥቶ፣ መድረኩን በተረከዙ እየመታ ሲሄድ አንድ ቦታ ድምፁ ተለየበት። ክዳኑን አነሳ። የአውራጃው ዋና አስተዳዳሪ ወንበር የሚቀመጠው ልክ እዚያ ላይ ነው። የድራማውን ጽሑፍ ተቀበለና አነበበ፦ "ከእግራቸው ሥር እንገባለን፤ ልባቸውን እንቆርጣለን።" መምህር ይርጋን አሥሮ ወሰደው።

"ጉድጓዱን ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ?" አልኳት።

"ጠየቀ። ቲቸር 'እኔ ነኝ' አለ።"

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ግን ፈራሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነኝ፤ በዚያ ዘመን ጴንጤ ማለት የሲአይኤ ተላላኪ ማለት ነበር። ከመድረኩ ሥር የተገኘው ጉድጓድ የእኔ ነው ማለት ሞቴን በገዛ አፌ መጥራት መሰለኝ። ያን ቀን ሥራ ቤት ገብቼ ዝም አልኩ። በማግስቱም ዝም አልኩ። አንዱን ጣውላ ደጋግሜ ስልግ ጣውላነቱ ቀርቶ ወረቀት አከለ።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጋሼ ላሬቦ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ጣውላውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"መሹለኪያውን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"ታዲያ መምህሩ ምን አድርጎ ታሰረ?"

መላጊያውን እንደገና አነሳሁ።

"ምስማር መምታት የማይችል ሰው ነው እኮ! አንተ እዚህ ተቀምጠህ እንጨት ትፍቃለህ?" አሉና ወጡ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መቶ አለቃው ቢሮ ገባሁ።

"ጓድ መቶ አለቃ፣ መሹለኪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ፈንጂ ልታጠምዱበት?"

"የለም፣ ለታደለች ነው።"

"ታደለች ማናት?"

"ተማሪ ናት። ትከሻዋ ሁለት ስንዝር አይሞላም።"

የሚቀልድበት መሰለው። በጥፊ መታኝ። ከዚያ አንድ ጠባቂ አስከትሎ ወደ አዳራሹ ወሰደኝ። ጠባቂውን "ግባ" አለው። ጠባቂው ደረተ ሰፊ ነው፤ ጠመንጃውን ትቶ፣ ቀበቶውን ፈትቶ ገባ። ብዙም ሳይሄድ ትከሻው ተቀረቀረ። ወደፊት አይል፣ ወደኋላ አይል። "ጓድ መቶ አለቃ፣ ተይዣለሁ!" ይላል ከሥር። ሁለት ሆነን በእግሩ ጎትተን አወጣነው። ሸሚዙ እዚያው ቀረ።

"አንተስ?" አለኝ መቶ አለቃው።

"እኔም አላልፍም። ከላይ ሆኜ ነው የሠራሁት።" ጉጠት ተቀብዬ ጣውላውን አነሳሁና ክዳኑ ሥር የጨመርኳቸውን ሞራሌዎች አሳየሁት። "ሰው ቢቆምበት እንዳይረገብ ደግፌዋለሁ። ሰው ሊገድል የሚመጣ ወለል አይደግፍም።"

ተንበርክኮ አየ። በጣቱ ነካካው። የተላገ ነው፤ ከሥሩም ጭምር።

"ሁለት ቀን ሙሉ የት ነበርክ?" አለኝ።

"ፈርቼ ነው።"

ጻፈው። መምህር ይርጋ በማግስቱ ተፈታ። እኔን ያለፈቃድ የመንግሥት ንብረት በመቁረጥ ብሎ ሁለት ሳምንት አሠረኝ። ድራማው በበዓሉ ታየ፤ ታጋዮቹ በበር ገብተው ማሽኑን ጣሉት። ሕዝቡ አጨበጨበ አሉ። ታደለች እስር ቤት ቆጮ ይዛልኝ መጥታ፣ "ጋሼ፣ የእርስዎ ይሻል ነበር" አለችኝ።

ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት መምህር ይርጋ ቤት ነው። ውስጥ እግሩን ገርፈውታል። ቀኙ ጠግጓል፤ ግራውን መሬት ማስነካት አይችልም። ከዘራ ልሠራለት አቁሜ በስንዝር ለካሁት።

"ለምንድን ነው ስሜን ያልጠሩት?" አልኩት።

"ጋሽ ሄራሞ፣ አንተ ጴንጤ ነህ፣ ልጆችም አሉህ። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ የቄስ ልጅ ነኝ። ቢበዛ ይገርፉኛል ብዬ ነው።" ቀጥሎም፣ "አልዋሽህም፣ በሦስተኛው ቀን ልጠራህ ነበር። በጠዋት ቀደምከኝ።"

"ግራውን የመቱዎት መቼ ነው?"

"ሁለተኛው ቀን ላይ" አለኝ።

እግሩ እንደዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላም ሆሳዕና ብዙ ዓመት አስተማረ። ከዘራውን ሁለት ጊዜ ለወጥኩለት። ያን ሁለተኛ ቀን ጣውላ እየላግኩ ነበር የዋልኩት።

አሁን ሥራ ለምትጀምሩ አናጺዎች የምለው ይህን ነው። ከወለል ሥር የሠራችሁትን ሳትሸፍኑት ለባለቤቱ አሳዩ። ማን ሠራው ተብሎ ሲጠየቅ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ።