ቨርና እጩዋን ያቀረበች ዕለት

ጎረቤቴ ቨርና ሃላሽቹክ ዕድሜዋን የጨረሰችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ነው። የካናዳዋ ክፍለ ሀገራችን የሳስካቸዋን በረዶ መንገዱን ሲያጠፋው እንኳ መሪውን ዘና ብላ ነበር የምትይዘው። ያን እሁድ ግን በመንደራችን አዳራሽ፣ የመኸሩ ግብዣ ላይ፣ ከጎኔ ተቀምጣ ሩዝና ሥጋ የተጠቀለለበትን ጎመኗን በሹካ ታገላብጣለች። አንድም አልጎረሰች።

በዚያ ሰሞን ቴሌቪዥኑ «ከካናዳውያን ሁሉ ታላቁ ማነው?» እያለ አገሩን ሲያጨቃጭቅ ከርሟል። እኛም ከማን አንሰን ብለን የራሳችንን ምርጫ አሰናዳን። እጩ ያለው ተነስቶ ሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ ከዚያ እጅ በማውጣት ድምፅ ይሰጣል። ሰብሳቢው የቨርና ታላቅ ወንድም ኦረስት ነው።

የቨርና እጩ ሕክምና ለሁሉም በነፃ እንዲሆን የታገለው የክፍለ ሀገራችን ሰው ነው። ስለ እሱ ለመናገር ግን የእናቷን አሟሟት ማንሳት አለባት፤ ያ ወሬ ደግሞ በእነሱ ቤት ክልክል ነው። ኦረስት «እናታችን በድንገት ሞተች» ይላል፤ በዚያው ያበቃል። ቨርና ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም። የእሁድ ምሳቸውን እንኳ ለየብቻ በልተው አያውቁም።

«ቢያኮርፈኝስ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ተይዋ! ማን አስገደደሽ?»

«ብተወው እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ብትናገሪም አይወስድሽ። እንግዲህ ምረጪ» አልኳት። ስጨነቅ አፌ ይከፋል።

መጀመሪያ የተነሳው ሰውዬ ስለ አንድ የሆኪ ተጫዋች ተናገረ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኦረስት «ሌላ አለ?» ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ቨርና ተነሳች።

«ይቅርታ» አለች። እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ንግግሩን በይቅርታ ነው የሚጀምረው፤ እሷ ግን ደጋገመችው። «ይቅርታ፣ ኦረስት። እናታችን በድንገት አልሞተችም። ሆዷን ይዛ ስንት ቀን ወጥ ቤት ተኝታ ስታቃስት ሰምቻለሁ። ለሐኪም የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረን ያለችን አንዲት ላም መሸጥ ነበረባት። አባታችን አልሸጠም። ዛሬ እናቱ የታመመችበት ሰው ስለ ላም አያስብም። ሰውዬውን የመረጥኩት ለዚህ ነው።»

የኦረስት ፊት አመድ መሰለ። እኔ በሆዴ «በቃ፣ ወንድሟን አጣችው» አልኩ።

ለሆኪ ተጫዋቹ ብዙ እጅ ወጣ። የቨርና እጩ ተራ ሲደርስ ግን ሁሉም ጎረቤቱን ያይ ጀመር። የኛ ሰው ይሉኝታው አይጣል ነው፤ ቀድሞ እጅ ማውጣት መንጠራራት ይመስለዋል። በዚያ ላይ የሰብሳቢውን ገመና በድምፅ ማጽደቅ ሆነበት። እኔም ራሴ፣ ጓደኛዋ ነኝ ባይዋ፣ እጄን ጭኔ ላይ አስሬ ቀረሁ። ቨርና ዓይኗን ጨፈነች።

ያኔ ኦረስት የራሱን እጅ አወጣ።

«ይቅርታ ኦረስት፣ ሰብሳቢ ድምፅ አይሰጥም እኮ» አለ አንዱ ከኋላ።

ኦረስት እጁን አላወረደም። ወደ እህቱ ዞረ።

«አባባ ላሟን ሊሸጥ ገመድ አስሮባት ነበር» አላት። «ከጥጃነቷ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እማማ ናት ከተኛችበት ሆና ‹ተውለት፣ ነገ ይሻለኛል› ያለችው።»