የበረከት ድርሻ

ባለፈው ሳምንት ልጄን ከባርነሃገው፣ ከመዋዕለ ሕፃናቷ፣ ልወስዳት ስሄድ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ አገኘኋት። ጋምለቢየን፣ የኦስሎ ጥንታዊ ሰፈር፣ ወስደዋቸው ነው፤ ድሮ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ወደነበረበት ፍርስራሽ። ትራም ላይ እንደተቀመጥን፣ እዚያ ነገሥታት ተኝተዋል አሉን፣ አይነሱም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይነሱም አልኳት። ለምን ሞቱ አለች። መውረጃችን ደርሶ ነበር፤ እጇን ይዤ አወረድኳት።

ቦታውን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የወሰደኝ ወንድሜ በረከት ነው። የወሰደኝም በሞተበት ቀን ነው።

የፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ሃውገሩድ የሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ከአባታችን ጋር ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። እናታችን ልጆች ሳለን ነው ያረፈችው። አባዬ ኦከርን አንድ ሱቅ ያጸዳል፤ ሱቁ ሳይከፈት መጨረስ ስላለበት ጎህ ሲቀድ ይወጣል። በረከት ሁለተኛ ደረጃ ሊጨርስ የቀረው አንድ የቃል ፈተና ነበር፤ የታሪክ። ፈተናው ሰኞ ነው። እኔ የማወራው ስለ እሑዱ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባዬ ድንች በሥጋ ሠራ። ከመንደሩ ዳቦ ቤት በገዛነው ዳቦ እየቆረስን በላን። መስኮቱ ክፍት ነበር። ግቢው ውስጥ ሐምራዊ አበባ ያወጣው ቁጥቋጦ ሽታው እስከ ማዕዱ ይመጣ ነበር። ሰኔ እዚህ እንደዚያ ነው፤ አጭር ግን ደግ።

በረከት እየበላ ፈተናውን ያነበንባል። በዚያ ዘመን ኖርዌይ ውስጥ የንጉሥ ልጅ የሆነ ሁሉ፣ ከሚስትም ይወለድ ከሌላ፣ እኩል መብት ነበረው። ስለዚህ ሦስት ወንድማማቾች አብረው ነገሡ። አንደኛው ገና በጨቅላነቱ የነገሠ፣ ጀርባው የጎበጠ ነበር። የእሱ ሰዎች መጀመሪያ አንዱን ወንድሙን ገደሉ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። በመጨረሻ እሱም ተገደለ፤ እዚሁ ኦስሎ፣ በረዶ ላይ።

አባዬ እኛ ዘንድ የንጉሡን ወንድሞች አምባ ላይ ይቆልፏቸው ነበር አለ። ትግሉ የሚጀምረው ንጉሡ ሲሞት ስለሆነም፣ ተተኪው ከአምባው ወርዶ እስኪደርስ ሞቱን ይደብቁታል። ንጉሡ ታመዋል ይባላል። ምግባቸው ይሠራል፣ ይገባል፣ ይወጣል።

በረከት ሹካውን አስቀመጠ። "ማን ይበላዋል?"

"አሽከሩ ነዋ። ገበታው ሞልቶ ከወጣማ ነገሩ ታወቀ።"

በረከት ወደ እኔ ዞረ። "ይሄ ያንተ ሥራ ነው። የኔን ድርሻ መብላት እንደሆነ ለምደኸዋል። የከተማው ኮሙን ይቀጥርህ።"

እውነት ነው፤ ሥጋ ሁልጊዜ ከሳህኑ እሻማ ነበር። አባዬም ሳቀ። ሲስቅ ከት አይልም፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል።

ከምሳ በኋላ በረከት ቦታውን ካላየሁ ፈተናው ላይ አልናገርም ብሎ ጋምለቢየን ይዞኝ ሄደ። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ዝቅ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ግድግዳዎች ናቸው፤ በመሃላቸው ሣር። እዚያ ቆሞ ፈታኙ እኔ እንደሆንኩ አድርጎ ተናገረ። መሃል ላይ አቋርጦ፣ "መገደል ይሻላል ወይስ መቆለፍ?" አለኝ። መቆለፍ አልኩት። "እሺ፣ አንተን ግን አልቆልፍህም። ስንቁን ጨርሰህ ትጮህብኛለህ" አለ። ይህን ሁሉ የማስታውሰው ብዙ ስላወራን አይደለም። ከዚያ ወዲያ ስላላወራን ነው።

ከዚያ ሮመን ሜዳ ኳስ ልንጫወት ሄድን። ማንም አልነካውም። ኳሱም እሱ ጋ አልነበረም። ቆም አለ፣ ጉልበቱን ያዘ፣ ወደቀ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አምቡላንሱ ውስጥ አብሬው ነበርኩ። ሆስፒታል ሐኪሟ ወጥታ የልቡ ነገር ነው አለችኝ፤ ቀጥሎ ያለችውን መጻፍ አልፈልግም።

የደወልኩት ለጋሽ መኮንን ነው፤ የበረከት የክርስትና አባት ናቸው። መጡ። አቀፉኝ። አባቱን የምናረዳው እኛ ነን ብለው ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው፣ አባትህ ደም ግፊት አለበት፣ መርዶ በማታ አይነገርም፣ ይቺን ሌሊት ይተኛ፣ ሥራ ሳይወጣ ከሽማግሌዎች ጋር እንመጣለን አሉኝ። በረከት ጓደኛው ጋ እያጠና ነው እንድል ነገሩኝ።

እንደዚያው አልኩ። አባዬ የቀረውን ወጥ አሙቆ አቀረበልኝ፤ ሆዴን አመመኝ ብዬ ተውኩት። የበረከትን በሳህን አድርጎ በሌላ ሳህን ከደነው። ነገ ፈተና አለበት ብሎ ሥጋውን ለእሱ አብዝቶለት ነበር። ውጭው ገና ብርሃን ነው፤ ወፍራሙን መጋረጃ ስቦ ተኛ።

እኔ ወጥ ቤት ቀረሁ። ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አባዬ ነግቶ ሲነሳ ሳህኑን ሞልቶ ያገኘዋል፤ ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ ብቻውን ይደነግጣል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ክዳኑን አነሳሁና በላሁት። ቀዝቅዞ ነበር። ሳልሻማው የበላሁት የበረከት ድርሻ ያ ብቻ ነው።

ጠዋት አባዬ የሥራ ልብሱን ለብሶ ሲገባ እኔ እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። ክዳኑን ገለጥ አደረገ። ፊቱ በራ።

"ገባ እንዴ? ሳልሰማው።"

አዎ ማለት እችል ነበር። ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ የቀረው ጥቂት ነበር። ያ የንጉሡ አሽከር፣ ባዶውን ገበታ ይዞ ሲወጣ፣ ደጅ የቆሙት ሰዎች በደስታ ሲያዩት ምን ይሰማው ነበር? እስከ ዛሬ ይህን አስባለሁ። በጋሽ መኮንንም አልፈርድም፤ አሳቢ ሰው ናቸው። ግን ያ ፊት በእኔ ውሸት ሲበራ ማየት አልቻልኩም።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ የበላሁት" አልኩት።

በሌላ ቀን ቢሆን ይቆጣኝ ነበር። ክዳኑን እንደያዘ አየኝ። ቀስ ብሎ ባዶውን ሳህን መልሶ ከደነውና ተቀመጠ። አንድ እግሩ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው በካልሲ ነው።

"መቼ?" አለኝ።

"ትናንት። ሜዳ ላይ።"

ደወሉ ተደወለ፤ ሄጄ በሩን ገርበብ አደረግሁት። ጋሽ መኮንን ነጠላ ለብሰው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሩ ላይ ቆመው ነበር። የሚናገሩትን አዘጋጅተው እንደመጡ ያስታውቃሉ። አባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "ግቡ፣ ልጄ ነግሮኛል" አላቸው።

እኔም በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው። ተመልሼ አባዬ እግር ሥር ተንበረከክሁና ያደረጋትን አንድ ጫማ ፈታሁለት።