በችካሎቹ ዙሪያ ብቻ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ገላን ኮንዶሚኒየም አዲስ የገባችው ጎረቤቴ አንድ ኩባያ እርጎ ይዛ በሬን አንኳኳች። አመስግኜ ተቀበልኳትና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አልነካሁትም።

ምክንያቱ የቆየ ነው፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ መሥሪያ ቤቴ ከአቃቂ በሰቃ በታች፣ ወንዙ ዳር ወዳለ ረግረግ ላከኝ። ጠፍቶ የነበረው ረግረግ እንዲያገግም ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ቄጠማ ተተክሎበት ነበር። ከላይ የሚመጣውን ቆሻሻ ውሃ አጣርቶ ለታችኛው መንደር ያሳልፋል ተብሎ ነበር፤ የኔ ሥራ በእርግጥ እያጣራ መሆኑን ማየት ነው። አለቃዬ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ "የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ለማንም ምንም እንዳትናገሪ።" እኔ ደግሞ ድሮም ለመናገር የምቸኩል ሰው አልነበርኩም።

ኅዳር መግቢያ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኖ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ረግረጉ ጋ ስደርስ ግን ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። እንቁራሪት የለም፤ ወፍ የለም። ውሃው ላይ ዘይት የመሰለ ነገር ያብረቀርቃል።

"ግቢ እንጂ!" አሉ ጥበቃው ጋሽ ቱሉ፣ አዲሱን ቦቲዬን እያዩ። "ዩኒቨርሲቲ ጭቃ አያስተምርም እንዴ?"

በየዓመቱ የሚለካው በአሥራ ሁለት ችካሎች ዙሪያ ያለው ቄጠማ ነበር። ጥቅጥቅ ብሏል። ወረቀቴ ላይ "ጥሩ" እያልኩ ስድስተኛው ችካል ጋ ስደርስ አዳለጠኝና አንድ ጭብጥ ቄጠማ ያዝኩ። ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። የረግረጉ ጭቃ ጥቁር ነው፤ ሥሩ ላይ የተጣበቀው አፈር ግን ቀይ ነበር።

ጋሽ ቱሉ ዓይናቸውን ሰበሩ። "የተከልነው በሦስተኛው ዓመት ሞተ፣ ልጄ። የሚመጡት ሁሉ የሚያዩት ችካሉን ነው። ልትመጡ ስትሉ ከላይ ከምንጩ እያመጣሁ እተክላለሁ። ባዶውን ለእንግዳ ማሳየት ያሳፍራል።"

ከችካሎቹ አልፌ ገባሁ። መሃሉ ጥቁር ጭቃ ብቻ ነበር።

የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ ለላቦራቶሪ በጠርሙስ ቀድቼ ስመለስ የታችኛው መንደር ነዋሪ እትዬ ዲንቂ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ያለቻቸው አንዲት እርጉዝ ላም ከረግረጉ ከሚወጣው ቦይ ነው የምትጠጣው።

"ልጄ፣ ውሃው ደህና ነው? ለላሜ ነው የምጠይቅሽ።"

"ውጤቱ... ውጤቱ ሲመጣ እንነግርዎታለን።"

ገብተው አንድ ኩባያ እርጎ አመጡልኝ። "ከራሷ ነው። ልትነጥፍ ነው፣ ቅመሽላት።"

ረቡዕ ቢሆን ጾም ነው ብዬ አመልጥ ነበር፤ ቀኑ ሐሙስ ነው። የትልቅ ሰው እጅ መመለስ ደግሞ አልችልበትም። ጨርሼ ጠጣሁት።

ፊታቸው ፈካ። "እሰይ! የተማርሽው ልጅ ከጠጣሽማ እኔ ምን እፈራለሁ!"

አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ከመንገድ ማዶ ክላክስ ነፋ። ባዶውን ኩባያ መልሼላቸው ወደ መኪናው ሄድኩ።

ያየሁትን ሁሉ ሪፖርቴ ላይ ጻፍኩ። የላቦራቶሪው ውጤትም መጣ፤ ወደ ረግረጉ የሚገባውና ከረግረጉ የሚወጣው ውሃ እኩል የተበከለ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ከወር በላይ አልፏል። የላሚቱ ገመድ ግንዱ ላይ ባዶውን ተጠምጥሟል። መጀመሪያ ጽንሱ ወረደ፤ ከዚያ እሷም ተከተለች። እትዬ ዲንቂ ወረቀቱን አልተቀበሉኝም።

"አንቺ ራስሽ ጠጥተሽ የለም እንዴ?" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም።

ሪፖርቴ ላይ አንድም ውሸት አልነበረም። እሳቸው ግን መልሳቸውን የወሰዱት ከባዶው ኩባያ ነው።

ባለፈው ሳምንት እርጎውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። "ውይ፣ አልወደድሽውም?"

"ላሟ የት ነው የምትጠጣው?"

ሳቀች። "እኔ ምን አውቄ! ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ካሉ አንዲት እናት ነው የምገዛው።"

ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ። "ነይ፣ ቤታቸውን አሳዪኝ" አልኳት።